ቡዳ ያሉን ቀን

ኅዳር 9
ቡዳ ብለው ቤታችንን አቃጠሉት። አሥር ዓመቴ ነበር። አባቴ ቀጥቃጭ፣ እናቴ ሸክላ ሠሪ... ሌላ ጥፋት አልነበረንም።
ዛሬ ማረሻ ሳሾል ዋልኩ። የልጄ ልጅ እመቤት ምሳዋን ሳትነካው ከትምህርት ቤት ተመለሰች። "እኔን ሲያዩ ምሳቸውን ይሸፍናሉ። ዓይኗ ይበላል ይላሉ።"
እስከ ዛሬም?

ኅዳር 13
የታሪክ መምህሯ ኤሌኒ መጣች። ውጭ አገር ለሥልጠና ሄዳ የአይሁድ እልቂት ሙዚየም አይታለች። ትምህርት ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ክፍል እያዘጋጀች ነው።
"አባባ፣ የደረሰብዎን መጥተው ይንገሩልን።"
"የፈረንጅ ጣጣ ለደብረ ታቦር ምን ይረባል?"
ፎቶ አሳየችኝ። አግዳሚ ወንበር። 'አይሁድ አይቀመጥበትም' ይላል አለች። "ያን ሁሉ ሚሊዮን ሰው የፈጀው ነገር ከእንዲህ ያለው ነው የጀመረ።"
በተዝካር ለእኛ በር ሥር ለብቻ ይነጠፍልን ነበር። በእኛስ አገር ቤተ እስራኤሎቹን ቡዳ ይሏቸው አልነበር?
አልመጣም አልኳት።

ኅዳር 14
ያ ወንበር ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

ኅዳር 20
ሄድኩ። መምህሯ ግድግዳው ላይ 'የተሳሳተ አመለካከት' ብላ ጽፋለች። ሰርዢው አልኳት። 'አቃጠሏቸው' በይ። ሰረዘችው።
ለተማሪዎቹ ነገርኳቸው። የጎረቤት ልጅ ታመመ። ሲለፈልፍ የአባቴን ስም ጠራ ተባለ። አባቴን ጎትተው "እንትፍ በልበት" አሉት። እንትፍ አለ። ልጁ ሞተ። በማግሥቱ እሳት...
ባምላኩ የሚባል ረጅም ልጅ እጁን አወጣ። "አባባ፣ አይቆጡኝና... ቡዳ የሚባል እውነት የለም?"
"ቢኖርማ ያን ቀን ክብሪት የያዙትን ሁሉ በልቼ በጨረስኳቸው።"
ሳቁ። ባምላኩ ግን አቀርቅሮ፣ "እኔም ምሳዬን እሸፍን ነበር" አለ። ለእኔ መንገሩ ምን ያደርግልኛል?
"ለእመቤት ንገራት" አልኩት።

ታኅሣሥ 4
እመቤት ተቆጥታ ገባች። "አያቴ፣ እነባምላኩ ምሳዬን ጨረሱብኝ። ራበኝ።"
"ነገ ጨምረሽ ያዢ" አልኳት። ፊቴን እንዳታየው ዞርኩ።
ከዩኒቨርሲቲው ሰዎች መጥተው ነበር። እኛም ዘንድ መጥተው ይናገሩ አሉ። አይሆንም። ቃሌ ግድግዳው ላይ ተጽፏል፤ የፈለገ ሄዶ ያንብብ። አንድ ጊዜ ተናገርኩ፣ በቃ። ለሰውም፣ ለቤቴም፣ ለዚህ ደብተርም... ከእንግዲህ አላነሳውም።