ማኅተም የተለጠፈበት ባትሪና ሰገነት ላይ የቀረው ባለቤቴ

ለተከበሩ የኤሌክትሪክ ማገናኛ ፈቃድ ቢሮ ዋና ኃላፊ
ሳን ሁዋን

ክቡር ሆይ፣ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ሆኑ ቀዝቃዛ አየር የሚነፍስላቸው ባልደረቦችዎ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የተራራው ሰዎች መብራት በመጣ ቁጥር ደህና ነን።

ሚግዳሊያ ኦካሲዮ እባላለሁ። ባለቤቴ ኤራስሞ ስኳር በሽታ እግሮቹን ካሳጣው ወዲህ ከፎቅ ቤታችን ወደ መንገድ የሚወርደው፣ በደረጃው ሃዲድ ላይ በምትንሸራተት የኤሌክትሪክ ወንበር ነው። ወርዶም ሩቅ አይሄድም፤ መንገዱን ተሻግሮ ከወዳጁ ከሞንሴራቴ በረንዳ ይቀመጣል። ሁለቱ በጎልማሳነታቸው የጀመሩትን የዶሚኖ ጭቅጭቅ ሽማግሌ ሆነውም አልጨረሱትም ነበር።

ጣሪያችን ላይ የፀሐይ ፓነል አለን። ሆኖም የፓነሉን ኃይል ለቤት እንዲሆን የሚለውጠው የቀድሞው ኢንቨርተራችን የመንገዱ መስመር ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ነበር፤ ሽቦ የሚጠግኑ ሠራተኞችዎን ኃይል እንዳይመታቸው። ተገቢ ነው፤ በእኛ ምክንያት ማንም እንዲሞት አንፈልግም። ስለዚህ ባለሙያው ኤፍራይን ከባትሪ ጋር የሚጣመር አዲስ ኢንቨርተር ገጠመልን፤ መስመሩ ሲጠፋ ቤታችን ከመንገዱ መስመር ራሱን ለይቶ በራሱ ኃይል እንዲያድር። ቢሮዎም ሳይውል ሳያድር ደረሰልን፤ የባትሪው ማብሪያ ላይ ቀይ ማኅተም ለጠፈበት። ፈቃድ ሳይሰጥ ማኅተሙን የነካ ሰው መስመሩ ለዘለዓለም እንደሚቆረጥበት የሚገልጽ ደብዳቤም አከለልን። ስለ ፍጥነታችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

አንደኛ፣ ስለላኩልን ተቆጣጣሪ አመሰግናለሁ። የመጣው መብራት በሌለበት ቀን ነበር። ሽቦውን አየ፣ ባትሪውን አየ፣ ላቡን ጠረገና «እማማ፣ ሥራው እንከን የለውም፤ ግን መስመሩ ሳይኖር መፈተሽ አልችልም። መብራት ሲመጣ እመለሳለሁ» አለኝ። መብራቱ መጣ፤ እሱ አልመጣም። ቢቸግረው መብራቱም ተመልሶ ሄደ።

ሁለተኛ፣ ስልክ ለምታነሳው ጨዋ ሠራተኛዎ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። ፈቃዱ እንዲሰጠን መሣሪያው እየሠራ የተነሳ ፎቶ እንድልክ ጠየቀችኝ። «ልጄ፣ ሳይፈቀድልኝ እንዴት አብርቼ ላንሳው?» ብላት «እሱን እንኳ እኔ አላውቅም እናቴ፤ ሲስተሙ ነው የሚጠይቀው» አለችኝ። ይህን ሲስተም የተባለ ሰው አንድ ቀን ባገኘው ምንኛ በወደድኩ።

ሦስተኛው፣ ክቡር ሆይ፣ ቅሬታ ይሁን ምስጋና እኔም አላወቅሁም። ሞንሴራቴ ተኝቶ በዚያው አረፈ። የቀብሩ ዕለት ጠዋት መብራት አልነበረም። ፀሐይዋ ጣሪያውን ታቃጥላለች፣ ባትሪው ኤፍራይን ለሙከራ እንደሞላው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ኤራስሞ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ከደረጃው አናት ወንበሯ ላይ ተቀምጧል። ቁልፏን ይጫናል፤ ትንሽ ይቆይና ደግሞ ይጫናል።

የጎረቤት ጎረምሶች ሊሸከሙት መጡ። ከዚህ ቀደም በዚያ ጠባብ ደረጃ ላይ ጥለውት ዳሌው ተሰንጥቆ ነበርና «ሂዱ ወዲያ! ዛሬ ደግሞ ሁለት ሬሳ ልትሸከሙ ነው?» ብሎ መለሳቸው። እኔ መቀስ ይዤ ወደ ማኅተሙ ስሄድ «ተይ ሚግዳ! መስመሩን ቆርጠውብን ጭራሹን እዚህ ላይ ቀብረውኝ ይቀራሉ!» ብሎ ጮኸብኝ። መቀሱን አስቀመጥኩት። ያለ እርስዎ ፈቃድ በገዛ መቀሴ እንኳ መቁረጥ አልቻልኩም።

ጎትቼ ሰገነቱ ላይ አወጣሁት። የሬሳ መኪናው ከሰገነቱ ሥር ቆመ። የሞንሴራቴ ሚስት ኦቱልያ ቀና ብላ «ኤራስሞ፣ ውረድ እንጂ! እየጠበቀህ እኮ ነው!» አለችው። የሰገነቱን ብረት በሁለት እጁ ይዞ፣ እሷ የምታውቀውን ኃይለኛ ድምፁን ሊያወጣ ሞከረ፤ የወጣው ግን ሹክሹክታ ነበር። «በሉ ሂዱ፤ ሰዎቹ ፀሐይ ላይ ናቸው» አለ። መኪናው ኩርባውን ዞሮ እስኪጠፋ ድረስ ዓይኑን አልነቀለም።

መብራቱ የመጣው ሐዘንተኞቹ ከመቃብር ሲመለሱ ነው። ማንም ሳይነካት ወንበሯ ጢጥ አለች።

ስለ ታጋሽነትዎ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ እኛ ትዕግሥት እያመሰገንኩ፣ ፈጣሪ ዕድሜዎን እንደ ማመልከቻችን ያርዝምልዎ እላለሁ። ማኅተምዎን በታማኝነት የምትጠብቅ ደንበኛዎ፣

ሚግዳሊያ ኦካሲዮ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፈቃዱን በእኛ ምክንያት እንዳይቻኮሉበት እለምናለሁ። ትናንት መብራቱ ሳይጠፋ ዋለና ወንበሯን አሰናድቼ «በል ተነስ፣ ውረድ፤ ንፋስ ይንካህ» ስለው፣ ኤራስሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ «ወርጄ ማን ጋ?» አለኝ።