ያልተጣላነውን ስላስታረቁን

ለተከበሩ የቤተሰብ ምክክር ክፍል ኃላፊ፣
ሰቆጣ

ክቡርነትዎ እንደምን ከረሙ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከስብሰባ የተረፈው ዕረፍትዎም ሁሉ ደኅና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ መምህርት ሠርካለም ነኝ፤ ከረሱኝ፣ ባሏ እንደማይመታት ሲሰሙ «ታዲያ ምን ጎደለሽ?» ብለው የሸኟት ሴት ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ የዋሉልኝ ውለታ በቢሮ በር ቆሞ በማመስገን ብቻ የሚያልፍ ስላልሆነ ነው።

አንባቢም እንዲረዳልኝ፣ ባለቤቴ ጌታሰው ኦቲዝም ያለበት ሰው ነው። ይህን ያወቅነው ከተጋባን በኋላ ባሕር ዳር ሄደን ነው፤ ሐኪሙ አብሮት የተወለደ የአእምሮ ተፈጥሮ እንጂ የሚድን በሽታ እንዳልሆነ አስረዳን። ጌታሰው ጫጫታ ያመዋል፤ ሳይጠብቅ ሲነኩት ይደነግጣል፤ ሳለቅስ ምን እንደምፈልግ ከፊቴ ማንበብ ያቅተዋል። ልጃችን ትሁት የተወለደች ዕለት የጤና ጣቢያውን ጩኸት መቋቋም ስላልቻለ ከግቢው በር ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሞ ዋለ። ዘመዶቼ ድንጋይ ነው አሉት። እኔ ድንጋይ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ይህን ለሰው ሁሉ ማስረዳቱም፣ በቤት ውስጥ ሐዘኔን ብቻዬን መሸከሙም አደከመኝ።

አንደኛ፣ የጠየቅሁዎ ጥቂት ነበር፦ ነገሩን የሚያውቅ አማካሪ እንዲያገናኙኝ፣ እንደ እኔ ያሉ ሴቶች ካሉም የምንነጋገርበት ክፍል እንዲፈቅዱልን። እርስዎ ግን ይጠጣ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አይጠጣም አልኩ። ይመታኝ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አይመታኝም አልኩ። ቢሯችሁን በከንቱ ማጣበቤን በጨዋ ደንብ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ሳልጠይቅ ሽማግሌ ስለላኩልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሳይነገረን ቤታችን በሰው ሞላ። አንድ በአንድና በዝግታ እንዲያናግሩት በሩ ላይ ቆሜ ለመንኳቸው። የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ ወልደ ጻድቅ፣ «ስንቱን ትዳር ያቃናን ነን፣ ልጄ፤ አንቺ ዞር በይ» አሉኝ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ተናገሩ። ጌታሰው ጆሮውን ይዞ ሊወጣ ሲል እንደ ንቀት ቆጠሩትና ሁለት እጁን ያዙት። ለማምለጥ ሲታገል ክርኑ የአቶ ወልደ ጻድቅን አፍ መታ፤ ደማቸው ነጠላቸው ላይ ፈሰሰ። በእኔ ላይ እጁን አንስቶ የማያውቀው ሰው በዚያች ቅጽበት ተደባዳቢ ሆነ።

ሦስተኛውን ምስጋና እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ሽማግሌዎቹ የጠሩት ፖሊስ ሲወስደው፣ ቅዳሜም ወደማይጠፉበት ቢሮዎ ሮጬ መጣሁ፤ በሰው በተጨናነቀ ክፍል ማደር እንደማይችል ነገርኩዎ። ወንበርዎን ወደ ጠረጴዛው ሳቡና፣ «አሁን ሰው መትቷል፤ አሁን ልንረዳሽ እንችላለን» አሉኝ። ይህን ቃልዎን እስክሞት አልረሳውም።

ጠዋት ሲለቁት፣ ራሱን ከእስር ቤቱ ግድግዳ ሲያጋጭ አድሮ ግንባሩ ተሰንጥቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልተናገረም። እናቱ ወደ ቤታቸው፣ ወደ ፃግብጂ ወሰዱት። ትሁትን አዝዬ እየሄድኩ አጠገቡ እንቀመጣለን። እሷ «አባ» ስትለው ጆሮውን ይሸፍናል፤ ቀስ ብላ ስትጠራውም እንዲሁ። አማቴ በደጃፉ እየተመለከቱ፣ «መጥተሽ ስለጠየቅሽው ላመስግንሽ ወይስ ለምን ከሰሽው ብዬ ልጠይቅሽ?» አሉኝ። አልከሰስኩትም ብዬ ምዬ ነገርኳቸው።

እርስዎ በስብሰባ ላይ የእኔን ጉዳይ «በዕርቅ የተፈታ» ብለው ሲያቀርቡ፣ አዳራሹ ሲያጨበጭብ፣ ከኋላ ወንበር ነበርኩ። ማን ከማን እንደታረቀ ለመጠየቅ እጄን አውጥቼ ነበር፤ ሰዓት አልቋል ተባልኩ።

ሥልጣንዎ እንዲሰፋ፣ ጭብጨባውም እንዳይለይዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ባል እያላት ባል የሌላት፣
መምህርት ሠርካለም

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት ምስራቅ የምትባል ሴት ከአምደወርቅ መጥታ ነበር፤ የእሷም ባል እንደ ጌታሰው ነው። እርዳታ የሚገኝበትን ቢሮ አሳዪኝ አለችኝ። ወደ ቤቴ ወሰድኳት።