ገደል አፋፍ ላይ ድንጋይ ያነጡ እናት፦ የወይዘሮ ጥሩሐረግ ወርቅአገኘሁ የሕይወት ታሪክ (1942–2001 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ጥሩሐረግ ወርቅአገኘሁ ከአባታቸው ከቄስ ወርቅአገኘሁ ምሳው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸጌ ይርዳው በ1942 ዓ.ም. በዋግ አውራጃ፣ በፃግብጂ፣ ልዩ ስሙ ወይራ አፋፍ በተባለው ስፍራ ተወለዱ። አፍ የፈቱት በኽምጣንጋ ነው። አማርኛን የለመዱት ካገቡ በኋላ ሲሆን፣ ንባብና ጽሕፈት ያወቁት ደግሞ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ልጅ አዝለው ነበር።

በ1960 ዓ.ም. ከአቶ አጥናፉ ሰማኸኝ ጋር በተክሊል ተጋብተው ከሰቆጣ ወደ ኒሯቅ በሚወርደው መንገድ ዳር ጎጆ ቀለሱ። ትግስት፣ ቢያዝንና ምስራቅ የሚባሉ ሦስት ልጆችም አፈሩ። በ1977ቱ ድርቅ አቶ አጥናፉ ሲያርፉ የመጨረሻዋ ልጅ ምስራቅ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ወይዘሮ ጥሩሐረግ ለመንገደኛ ጠላና ሻይ እየሸጡ ልጆቻቸውን ያለ አባት አሳደጉ።

ምስራቅ ሰቆጣ ቤት ተከራይታ ሰባተኛ ክፍል ትማር ነበር። በጥር 1990 ዓ.ም. ጥምቀትን ከእናቷ ጋር ልታከብር፣ እህልና ሰው አንድ ላይ በጫነ አይሱዙ ተሳፈረች። መኪናው ከቤታቸው በላይ ካለው መታጠፊያ ሲደርስ ገደል ገባ። ሹፌሩ ለአገሩ እንግዳ ነበር፤ መንገዱም ገደሉም አንድ ዓይነት አፈር ስለሆነ አመሻሹ ላይ ጠርዙን የሚለይ ምልክት አልነበረም። ወይዘሮ ጥሩሐረግ ድምፁን ከቤታቸው ሆነው ሰምተው ሮጡ። ሲደርሱ ልጃቸው ከጭነቱ ሥር ነበረች።

ከምስራቅ አርባ በኋላ ለመታጠፊያው የብረት አጥር እንዲሠራለት ሰቆጣ ተመላለሱ። ያነጋገሯቸው ሰዎች አላጉላሏቸውም፤ አብረዋቸው አዘኑ፤ ግን ለዚያ መንገድ በጀት እንደሌለ ነገሯቸው። ያን ጊዜ የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኞቻቸውን ሰብስበው እጃችን የቻለውን እናድርግ አሉ። ድንጋይ ተሸክመው ጠርዙ ላይ ደረደሩ፣ በኖራ ቀቡት። ከፊት የሚመጣ መኪና እንዲታይ በመታጠፊያው ውስጥ የነበረውን ቁጥቋጦ መነጠሩ። ገበያተኛና አህያ ከመኪና ጋር እንዳይጋፋም ከፍ ብሎ የእግር መንገድ አወጡ። እሳቸውም ለሹፌር ጠላ መሸጥ ተዉ፤ ሻይ ብቻ ሆነ፤ ገበያቸውም ቀዘቀዘ።

ሥራው ግን አልጸና አለ። ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናቡ ኖራውን ያጥበዋል። አንድ ዓመት መንገድ ሊጠርግ የመጣ ግሬደር ድርድሩን ጠርጎ ገደል ከተተው። ሹፌሮች ድንጋዩን እያነሱ የጎማ ታኮ ያደርጉታል፤ ሲነሡም መሀል መንገድ ላይ ጥለውት ይሄዳሉ። እሳቸው ደግሞ እያነሱ ይመልሳሉ። ሻይ ሊጠጣ የቆመውን ሁሉ፣ ጭነት ላይ ሰው አትጫን ብለው ይለምኑታል። እሺ እናቴ ብሎ ይወጣል፤ ዝቅ ብሎም የሚጠብቁትን ሰዎች ይጭናል። ሰዎቹን እንዳይቆጡ፣ ከእሱ ሌላ የሚያደርሳቸው አልነበራቸውም።

በግንቦት 1998 ዓ.ም. በጠራራ ፀሐይ ሌላ አይሱዙ እዚያው ገባ። ከጭነቱ ላይ ከነበሩት አብዛኞቹ አለቁ፤ ከሟቾቹ መካከል ድንጋይ አብረዋቸው ይሸከሙ የነበሩ ማኅበርተኞችም ይገኙበታል። ከሞት የተረፈው ሹፌር ቅጣው፣ ስብራቱ ሲጠግንለት በምርኩዝ እያነከሰ ቤታቸው መጣ። ቁጭ እንዳለም፣

«ድንጋዩንስ አይቼው ነበር፤ ፍሬኑ ነው እንቢ ያለኝ» አላቸው።

ወይዘሮ ጥሩሐረግም፣ «ለፍሬንማ ምን ልቀባለት ልጄ?» አሉት። እንጀራ አቅርበውለት በልቶ ሄደ።

በ1999 ዓ.ም. ኖራ አልነኩም። ዓመቱን ሙሉ ወደ መታጠፊያው ሳይወጡ ከረሙ። በ2000 ዓ.ም. ጥቅምት ግን ብቻቸውን ወጥተው መቀባት ጀመሩ። እኛ ቤተሰቦቻቸው ይብቃዎት፣ ይረፉ ብለናቸው ነበር። ድንጋዩ ያዳነው ሰው መኖሩን እንደማያውቁ፣ ይሁንና እጃቸውን አጣጥፈው የመኪና ድምፅ ማዳመጥ እንዳልቻሉ ነገሩን።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በኩላሊት ሕመም ተኙ። ሰቆጣ ሕክምና ሲከታተሉ ቆይተው ወደ ወልድያ እንዲሄዱ ታዘዘ። በዚህ ዝናብ በእኔ ሰበብ የሰው ልጅ ገደል አይገባም ብለው እንቢ አሉ። በአማላጅ አሳምነን መኪና ብናገኝም ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ከግማሽ ተመለስን። መንገዱ ሲከፈት ሰውነታቸው መንገድ የሚችል አልሆነም። መስከረም 4 ቀን 2001 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ወይዘሮ ጥሩሐረግ ልጆቻቸውን ትግስትንና ቢያዝንን፣ እንዲሁም አራት የልጅ ልጆችን ትተውልን ሄደዋል። ቢያዝን በስደት ካለበት አገር ለቀብራቸው ሊደርስ አልቻለም።

ከሰቆጣ በኩል መጥታችሁ ኀዘናችንን የተካፈላችሁ ወገኖች፣ አምላክ ብድራችሁን ይክፈል። ስትመለሱ ከመታጠፊያው በፊት ከመኪና ውረዱና በእግራችሁ እለፉ፤ ክረምቱ ድንጋዩን ስላጠበው ጠርዙ አይለይም።

የእሳቸውን፣ የልጃቸውን የምስራቅንና በዚያ ገደል የቀሩትን ሁሉ ነፍስ ኪዳነ ምሕረት በምልጃዋ ትቀበልልን። አሜን።