የአባባ ስም በእድራችን ድንጋይ ላይ

ለወንድሜ ለአስር አለቃ ግዛቸው ቤዛብህ፣ ካለህበት ጦር ግንባር፤

ሰላምታዬ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቅጠል ይብዛልህ። እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ዛሬ እልል ብያለሁ! እድራችን በጦርነት ለወደቁ የቁስቋም ልጆች ድንጋይ አቁሞ፣ አባባ ኦጋዴን በሞተ በስንት ዘመኑ ስሙ ተቀረጸለት። ብቻዬን ሄጄ፣ በነጠላዬ ጠርጌ ሳምኩት። ላንተ ብደውል ብደውል ስልክህ ሦስት ወር ሙሉ አይነሳም፤ ያው ኔትወርኩ ነው መቼም።

ታዲያ ድንጋይ ጠራቢው ከአባባ ስም ሥር ባዶ ቦታ ትቷል። «ይሄ ለምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እትዬ፣ ለወደፊቱ ነዋ!» አይለኝም! «በል አሁኑኑ የአበባ ሐረግ ቅረጽበት፤ አንዲት ፊደል እንኳ እንዳታስገባ!» አልኩት። ሞልቶት እስኪጨርስ ካጠገቡ አልተነቃነቅኩም። አሁን ምንም ቦታ የለም።

የቁስቋሟ እመቤት በጥላዋ ትጋርድህ።

እህትህ አጸደ፣ ከጉለሌ