ስምንተኛ ክፍልን ስላለፍሁ ይቅርታ ስለ መጠየቅ

ለተከበሩ ጓድ ጥሩሰው ካሴ
የአውራጃው የጤና ሙያ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ
ላሊበላ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ጤና፣ ለማኅተምዎም ጤና በትሕትና እመኛለሁ። እኔ ከሥራዬ ናፍቆት በቀር ደኅና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ያልላክሁት ከንቀት አይደለም። የእርስዎ ማስታወቂያ በገነተ ማርያም ገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት በር ላይ ለሁሉ እንዲነበብ ተለጥፎ ስላየሁ፣ መልሱም ከጎኑ ቢለጠፍ ሥርዓቱን የጠበቀ መስሎኝ ነው። ማስታወቂያዎ «ይማርሽ ፈንታው የተባለች ሕገ ወጥ መርፌ ወጊ» ይላል። ስሜን ከነአባቴ ስላሟሉልኝ አመሰግናለሁ። የማያውቀኝ አንባቢ ቢኖር፣ በጃንሆይ ዘመን ደሴ በድሬሰርነት ሠልጥኜ ወደ ቀዬዬ የተመለስሁ፣ በአንዲት ክፍል ቤት ቁስል የማጥብ፣ መርፌ የምወጋ፣ ከአቅሜ በላይ የሆነውን ደግሞ ወደ ላሊበላ የምልክ ሴት ነኝ። ሐኪም ነኝ ብዬ አላውቅም።

ቅሬታዎቼን፣ ጽሕፈት ቤትዎ እንደሚወደው፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ አብዮቱ እንደ ፈነዳ የዘውድ ማኅተም ያለበት ፈቃዴን እንድመልስ ታዘዝሁ፤ መለስሁ። ሌላ ተሰጠኝ። በዚህ ቅሬታ የለኝም፤ እዚህ ያስገባሁት፣ ትእዛዝ መፈጸም እንደማውቅ እንዲታይልኝ ብቻ ነው።

2ኛ/ ከድርቁ ጥቂት ቀደም ብሎ ድሬሰር የሚባል ሙያ ተሰርዟል ተብሎ ፈቃዴ ሳይታደስ ቀረ። የሥራ ክፍሌን ዘጋሁ። በሰባ ሰባት ግን እርስዎ ራስዎ ከላሊበላ በእግርዎ መጥተው ደጄ ላይ ቆሙ። «ይማርሽ፣ ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ ነው፤ መጠለያው ውስጥ እጅ አጥቻለሁ፤ ነይልኝ» አሉኝ። «ፈቃድ የለኝም እኮ» አልሁዎ። «ሞት መቼ ፈቃድ ጠየቀ?» አሉኝ። ነጠላዬን አንስቼ ተከተልሁዎ።

ስለዚያ መጠለያ ብዙ አልጽፍም፤ ያየ ያውቀዋል፣ ላላየ መንገርም አይሆንልኝም። ቅማል የሚያመጣው የግርሻ ትኩሳት እርስዎንም እንደጣለዎ ግን መጻፍ አለብኝ። ጸጉርዎን የላጨሁ፣ ልብስዎን በፈላ ውሃ የቀቀልሁ እኔ ነኝ። አጥሚት ታጠጣዎ የነበረችው ጀውሀራ ናት፤ ከቆላ ሁለት ልጆች ይዛ ተሰድዳ መጥታ፣ አንዱን እዚያው ቀብራ፣ በማግስቱ ወደ ምድጃው የተመለሰችው ጀውሀራ። ትኩሳቱ የለቀቀዎ ዕለት ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው፣ እሷ እየሰማች፣ «እህቴ፣ ይሄ ቀን ይለፍ እንጂ ፈቃድሽን ራሴ በእጄ ይዤልሽ እመጣለሁ» አሉኝ። እኔ አልጠየቅሁዎም ነበር። ሳልጠይቅ የተሰጠኝ ቃል ስለሆነ ነው ያመንሁት።

3ኛ/ ዝናቡ መጣ፤ ሰውም የተረፈው ወደየቀዬው ተበተነ። በፈቃዱ ፈንታ መመሪያ መጣ። ድሬሰር የነበረ ሰው ስምንተኛ ክፍል ካለፈ በጤና ረዳትነት ይመዘገባል ተባለ። እኔ ያቆምሁት ከስድስተኛ ነው። «ምን አላት፣ ተማሪያ» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ተማርሁ። በዚህ ዕድሜዬ ላሊበላ እየተመላለስሁ፣ ልጄ አዛለች በምትማርበት ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። አስተማሪያችን ባረመኝ ቁጥር ይቅርታ ይጠይቀኝ ነበር። ልጄ መጀመሪያ ሰሞን ከእኔ ራቅ ብላ ትቀመጥ ነበር፤ በኋላ አልጀብራው ሲያስለቅሰኝ አይታ ደብተሯን ይዛ አጠገቤ መጣች። በመጋቢት፣ እርስዎም ያስታውሱታል፣ ገበያው አጠገብ አግኝተውኝ ቦርሳዬን አይተው ሳቁና «በርቺ» አሉኝ። ያን ቀን እስከ ቤቴ ድረስ መንገዱ አልታወቀኝም።

ሚኒስትሪ ተፈተንን። እኔም ልጄም አለፍን።

4ኛ/ ሰርተፊኬቴን ይዤ ቢሮዎ ገባሁ። «ይቀመጡ» አሉኝ።

ነገሩ የገባኝ በዚያች ቃል ነው። ጓድ ጥሩሰው፣ ሲቃዡም ሲያገግሙም፣ በመጋቢት ገበያው አጠገብም፣ እኔ ለእርስዎ «አንቺ» ነበርሁ። አንቱታ ሰውን ከቤት እንደሚያስወጣ ያን ዕለት ተማርሁ፤ ትምህርቱን እንዳልረሳሁ ከዚህ ደብዳቤ ያያሉ። «መመሪያው ተሻሽሏል፤ አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍልና የፓርቲ የድጋፍ ደብዳቤ ነው የሚጠየቀው» አሉኝ። መቼ እንደ ተሻሻለ ጠየቅሁ። «በየካቲት» አሉኝ።

ከመጋቢት በፊት የካቲት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሆንሁትን ያውቀዋል። «ታዲያ በርቺ ያልከኝ ምን ልሁን ብለህ ነው?» አልሁ፤ ረስቼ አንተ ስላልሁዎ ይቅርታ። ወረቀትዎን እያስተካከሉ «ሞራልዎ እንዳይነካ ብዬ ነው» አሉኝ። ለሞራሌ ስላሰቡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ትቼዋለሁ፤ የቀረው ነገር በቁጥር አይያዝልኝም።

በመስከረም፣ በገበያ ቀን፣ ሁለት ሚሊሻ አስከትለው መጥተው መርፌዎቼ ያሉባትን የሥራ ክፍሌን በሰም አሸጉ። ከድርቁ ወዲህ እዚሁ ቀርታ በርበሬ ትሸጥ የነበረችው ጀውሀራ ጆንያዋን ጥላ መጣች። «ጓድ ጥሩሰው፣ ወላሂ ያን ቃል ሲገቡ ሰምቻለሁ። አጥሚቱን በዚህ እጄ ነው ያጠጣሁዎ» አለችዎ። ፊትዎን ወደ በሩ እንዳዞሩ «ያ የአስቸኳይ ጊዜ ነበር» አሉ። እሷም ድምፅዋን ሳታነሣ «የኛማ ጊዜ መቼ አስቸኳይ ያልሆነበት አለ» ብላ ደጃፌ ላይ ቁጭ አለች። እርስዎ እስኪሄዱ ድረስ አልተነሣችም።

ታዝዤ ነው፣ አቅቶኝ ነው ቢሉኝ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ። ትእዛዝ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለታችንም ተቀምጠን ባለቀስን፣ ለሚሊሻዎቹም ውሃ ባቀረብሁ ነበር። እርስዎ ግን ያን ዕለት እንደማያውቁኝ ሆነው ስሜን ከወረቀት አነበቡ። በሩን ከማሸግዎ ይልቅ ያ ንባብ ነው እስካሁን የሚያመኝ።

ከዚያ ወዲህ መመሪያዎን አክብሬ ኖርሁ። በጓሮ በኩል ቁስላቸውን እንዳጥብላቸው የለመኑኝ ብዙ ነበሩ፤ እንደ ሌባ ተደብቄ አልሠራም ብዬ እምቢ አልሁ። የገነተ ማርያሙ ካህን አባ ተክለ ሚካኤል በእግራቸው ቁስል ሲመጡም «እጄ ታስሯል አባ፤ ላሊበላ ይሂዱ» አልኋቸው። ጎረቤቶቻቸው በቃሬዛ ተሸክመው ወሰዷቸው። ጤና ጣቢያው ተዘግቶ አገኙት፤ ጤና ረዳቶቹ የአዲሱን የፈቃድ መመሪያ ማብራሪያ ለመስማት ስብሰባ ተጠርተው ሄደዋል። አባን መልሰው ተሸክመው ደጄ አወረዷቸው። ጨርቁ ሲፈታ ሽታው ከሩቅ ይሰማ ነበር። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው «ልጄ፣ እነሱም እዚያ ተሰብስበዋል፤ መግሉም እዚህ ተሰብስቧል» አሉኝ።

ስለዚህ በአክብሮት አሳውቅዎታለሁ። በየሳምንቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ካለው ወይራ ሥር፣ ሕዝብ እያየ፣ የአባን ቁስል አጥባለሁ። መርፌ አልወጋም፤ መርፌዎቼን እርስዎ አሽገዋቸዋል። የፈላ ውሃ፣ ጨውና ንጹሕ ጨርቅ ነው ያለኝ። እግራቸው ሥጋ መሙላት ጀምሯል፤ ባለፈው እሑድ በምርኩዝ ራሳቸው መጥተዋል። ሌሎችም ቁስለኞች መምጣት ጀምረዋል፤ አልመለስኋቸውም። ሊያስሩኝ ከፈለጉ ቦታውንም ሰዓቱንም ነግሬዎታለሁ፤ ሚሊሻዎቹ በፍለጋ እንዳይደክሙ።

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። እኔ አልገባሁም። አሥራ ሁለተኛ ስደርስ ዩኒቨርሲቲ ይጠየቅ ይሆናል ብዬ ፈርቼ አይደለም። በእርስዎ ቃል ተነሥቼ ዳግመኛ መንገድ መውጣት ስላልቻልሁ ነው።

ከመጨረሻው በቀር ትእዛዝዎን ሁሉ የፈጸመች፣
ድሬሰር የነበረች፣ ጤና ረዳት ልትሆን ጥቂት የቀራት፣ በእርስዎ ቸርነት መርፌ ወጊ ለመባል የበቃች፣
ይማርሽ ፈንታው
ገነተ ማርያም፣ ጥቅምት 1981 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ እናትዎ ወይዘሮ ወለተ ማርያም ስለት ሊያደርሱ ከብልባላ መጥተው እኔ ቤት አርፈው ነበር። የታሸገውን በር አላሳየኋቸውም። «ልጄን ከሞት ያተረፍሽልኝ አንቺ ነሽ፤ ለመሆኑ ይጠይቅሻል?» አሉኝ። «አዎ እማማ፣ ሲጠይቀኝ ነው የኖረው» አልኋቸው። ደስ ብሏቸው እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ምርቃት መረቁዎ። ምርቃቱ ይኸው ይድረስዎ፤ እኔ ዘንድ እንዲቀር አልፈለግሁም።