«ጨጓራ ነው» ያልነው ልብ፦ የአርቲስት ዮፍታሄ ደረሰ የሕይወት ታሪክ
(1969 – 2018 ዓ.ም.)

አርቲስት ዮፍታሄ ደረሰ ከአባታቸው ከአቶ ደረሰ ላምቤቦ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርሃነሽ ሂርባዬ ጥር 14 ቀን 1969 ዓ.ም. በሀዋሳ ከተማ ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ናቸው። አባታቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ስለነበሩ ከወረዳ ወረዳ ሲዞሩ ይሰነብታሉ፤ ሲመለሱ ደግሞ በየመንገዱ ያገኟቸውን ሰዎች አነጋገር እያስመሰሉ ቤቱን በሳቅ ይሞሉት ነበር። የአርቲስት ዮፍታሄ ተሰጥኦ ከየት እንደመጣ ለሚጠይቁ ሁሉ መልሱ ይኸው ነው። ከአባታቸው የወረሱት ግን ተሰጥኦውን ብቻ አልነበረም። እኔ እህታቸው ወደዚያ እመለሳለሁ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚሁ በሀዋሳ ተከታትለዋል። መድረክ ላይ የወጡት በአሥራ አንድ ዓመታቸው ነው፤ በአጥቢያችን የልጆች ፕሮግራም ላይ ልጁ የጠፋበትን አባት ሆነው ሠሩ። የጥጥ ጢም ተለጥፎላቸው ሲያለቅሱ እናታችን ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ በምእመኑ መካከል አልፈው መድረኩ ላይ ወጡና «ልጄን ምን አድርጋችሁት ነው?» ብለው አስተባባሪዎቹን አፋጠጡ። እናታችንን ማስቀመጥ ከድራማው የበለጠ ጊዜ ወሰደ ይባላል።

ከመምህራን ማሠልጠኛ በ1989 ዓ.ም. ተመርቀው በቱላ ለአሥር ዓመት አማርኛ አስተማሩ። ቅዳሜና እሑድ ከጓደኞቻቸው ጋር ባቋቋሙት የቴአትር ቡድን ይሠሩ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ማስተማሩን ትተው ሙሉ በሙሉ ወደ ትወናው ገቡ። በ2001 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሄራን ሽመልስ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሀሴትንና ኤልናታንን ወለዱ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ እስካለፉበት ቀን ድረስ ደግሞ «ሐይቅ ዳር ክሊኒክ» በተሰኘው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ዶክተር ምንያህልን ሆነው ተውነዋል። አብዛኞቻችሁ የምታውቋቸው በዚህ ነው።

ሀዋሳ የምትባል ከተማ ድራማና እውነት መለየት አልሆነላትም። ፒያሳ ካፌ ቁጭ ባሉበት ሰው ከቦርሳው የላቦራቶሪ ውጤት እያወጣ «ዶክተር፣ እስቲ ይቺን እዩልኝ» ይላቸው ነበር። እሳቸውም «እኔ የማውቀው የተጻፈልኝን ብቻ ነው፤ ሐኪም ቤት ሂዱ» ይላሉ። ያልሄደውን አንዳንዴ እጁን ይዘው ይወስዱታል። አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡት ወይዘሮ ፀሐይ በአንደኛው ክፍል ላይ ዶክተር ምንያህል «ደረት ላይ የሚሰማ ሕመም ሁሉ ጨጓራ አይደለም» ሲል ሰምተው በነጋታው ተመረመሩ። የልብ ሕመም እንዳለባቸው ታውቆ መድኃኒት ጀመሩ፤ ዛሬም እዚህ በመካከላችን አሉ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ቆሮሶ ዓሣ ይልኩልን ነበር። ወይዘሮ ፀሐይን ያዳነ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ያንን ዓረፍተ ነገር ወንድሜ ሳሎናችን ውስጥ እየተመላለሱ ሲያጠኑት እኔ ወረቀቱን ይዤ አስጠንቼያቸዋለሁ። ሁለታችንም በቃላችን እናውቀው ነበር።

እኔ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ታናሽ እህታቸው ብርቅዬ ነኝ። ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው፤ በስህተት የተጻፈ ነገር ስንት ዓመት ሰው እንደሚያሳስት አውቃለሁ። ስለዚህ የሚከተለው እንደሆነው ይጻፍ።

በሰኔ 2017 ዓ.ም. ቱላ ቀረጻ ላይ እያሉ ደረጃ ሲወጡ ደረታቸውን አፈናቸው፤ ግራ እጃቸው ደነዘዘ። «ጨጓራ ነው» አሉ። እኛም «ጨጓራ ነው» አልን። እናታችን ተልባ አዘዙ። ታናሽ ወንድማችን አቶ እስራኤል «ብርድ ነው፣ ጃኬት ደርብ» አሉ። ባልደረቦቻቸው ቡና ቀንስ አሏቸው። አንድ መድኃኒት ቤት ምንም ሳይጠይቅ የጨጓራ ኪኒን ሰጣቸው። እኔም ከማንም አልተሻልኩም፤ ማር ገዝቼ «በባዶ ሆድህ ውሰደው፣ ያሽርልሃል» አልኳቸው። የማሩ ግማሽ እስካሁን ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። መስከረም ላይ ድራማውን በሙያ የሚያማክሩት እውነተኛው ሐኪም፣ ዶክተር ክብሩ፣ ቀረጻ መሐል ሲያልባቸው አይተው «ይሄ የልብ ይመስለኛል፣ ዛሬውኑ እንመርመርህ» አሏቸው። ወንድሜ «የቀረን ሰባት ክፍል ነው፤ ቀረጻው ይለቅና» ብለው መለሱ። እኛም ዶክተር ክብሩን ሳይሆን ዶክተር ምንያህልን አመንን። በድራማ ስድስት ዓመት ሐኪም የሆነ ሰው ስለ ራሱ ሳያውቅ ይቀራል አላልንም።

ትናንት ዓርብ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አሞራ ገደል ለቀረጻ እየተዘጋጁ ሳለ ወደቁ። ባልደረቦቻቸው በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረሷቸው። የበሩ ጥበቃ ከዚህ በፊት እዚያው ግቢ ሲቀርጹ ስለሚያውቃቸው ፊቱ በራ፤ «ዶክተርዬ! ዛሬ ደግሞ ምን ልትቀርጹ ነው? ደብዳቤ ይዛችኋል?» ብሎ በሩን ያዘ። እውነት መሆኑ እስኪገባው ሦስት ደቂቃ ያህል አለፈ። ሐኪሞቹ የሚቻለውን ሁሉ ቢያደርጉም አራት ሰዓት ከሩብ ላይ በአርባ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ጥበቃው ከትናንት ጀምሮ ከድንኳናችን አልወጣም፤ ማንንም ቀና ብሎ አያይም። ልጄ፣ ቀና በል። አንተ ያዘገየሃቸው ሦስት ደቂቃ ነው፤ እኛ ያዘገየናቸው አራት ወር ነው።

አሁን ወደ አባታችን ልመለስ። አባታችን አቶ ደረሰ በ1994 ዓ.ም. በሃምሳ አንድ ዓመታቸው መኪና አቁመው ከወረዱ በኋላ ደረታቸውን ይዘው ወደቁ፤ በዚያው ቀሩ። ያኔ «ብርድ ነው የመታቸው» ተባለ። የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው ያነበቡት የዛሬው ሟች ናቸው፤ ወረቀቱን ትናንት አውጥቼ አየሁት። «ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ይላል። አንድ ቀን እንኳ በሕክምና አልተረዱም።

አቶ እስራኤል ፒያሳ ማተሚያ ቤት አላቸው፤ ለዚህ ከተማ ለቅሶ የሚሆን ጽሑፍ ብዙውን የሚያትሙት እሳቸው ናቸው። ኮምፒውተራቸው ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አንድ ወረቀት አለ፤ ስም፣ ቀንና ፎቶ ብቻ ይቀየርበታል። ትናንት ከሰዓት ያንኑ ከፍተው የወንድማችንን ስም ሲያስገቡ ያችው ዓረፍተ ነገር ሳትነካ ተቀምጣለች፤ «ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው»። አጥፋው አልኩ። ሽማግሌዎቻችን «ለቅሶ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይነበብም» ብለው ሊገሥጹኝ ሞከሩ። አክብሬያቸው ሰማሁ፤ ግን አጥፋው አልኩ። ድንገተኛ አልነበረም። በሕክምናም አልተረዱም። በአንድ ቤት ሁለት ጊዜ ይዋሻል እንዴ? ወንድሜ ዮፍታሄ ደረሰ የሞቱት በልብ ሕመም ነው። አባታችንም በዚያው ነው።

አርቲስት ዮፍታሄ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሄራን ሽመልስን፣ የአሥራ አምስት ዓመቷን ልጃቸውን ሀሴትን፣ የዘጠኝ ዓመቱን ልጃቸውን ኤልናታንን፣ እናታቸውን ወይዘሮ ብርሃነሽን፣ እኔን እና ታናሽ ወንድማቸውን እስራኤልን ትተው ሄደዋል።

እስራኤል ላይ አንቱታውን እዚህ ጋ ልተወው፤ ታናሼ ነው። ትናንት ከሰዓት የድንኳኑን ወንበር ሲያወርድ ቆም ብሎ ደረቱን በመዳፉ ሲያሽ አየሁት። ምንድን ነው ስለው «ብርድ ነው» አለኝ። ከመቼ ጀምሮ? «ከነሐሴ»። እግዚኦ! ዕድሜው አርባ አንድ ነው። ዶክተር ክብሩን እዚያው ጠራኋቸው፤ አነጋገሩትና አሁኑኑ ይምጣ አሉ። እሱ ግን ወንድሜን ሳልቀብር ንቅንቅ አልልም አለ። ከቀብር በኋላስ ስለው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሰው ሊያጽናናን ሲመጣ የወንድም ወንበር ባዶ ይሁን? ድንኳኑ ይነሣና»። ያኛው «ቀረጻው ይለቅና»፤ ይኸኛው «ድንኳኑ ይነሣና»። እኔ ሁለት ወንድም ነበረኝ።

ይህን ጽሑፍ የተየበው እሱ ራሱ ነው። እኔ እያነበብኩለት እዚህ ጋ ሲደርስ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሣ። «ይሄንንስ ብንተወው?» አለኝ። ጻፍ አልኩት። ጻፈ።

ወዳጅ ዘመዶቻችን፣ የሥራ ባልደረቦች፣ ወንድሜን በቴሌቪዥን አይታችሁ የወደዳችሁ ሁሉ፣ በሐዘናችን ስለተገኛችሁ እግዚአብሔር ያክብርልን። አንድ ነገር ግን እንለምናችኋለን። ከቀብር መልስ ድንኳን ስትገቡ የእስራኤል ወንበር ባዶ ይሆናል። ለወንድሙ ሳያዝን ሄደ አትበሉ፤ ቅር አይበላችሁ። ቁጭ ብሎ ካገኛችሁት ግን እጁን ጨብጣችሁ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አትበሉት። አስነሡት።

ሕዝብ ያሳቁትን፣ ሌላውን ሐኪም ቤት ወስደው ራሳቸው የቀሩትን ወንድማችንን ጌታ በእቅፉ ይቀበላቸው፤ ለእናታችን፣ ለሄራንና ለልጆቹ መጽናናትን ይስጥ።

ዶክተር ክብሩ መኪናቸውን የመቃብሩ በር ላይ አቁመው እየጠበቁ ነው። እስራኤል፣ አፈሩ እንደተመለሰ በዚያ በር ትወጣለህ።