ንጹህ የተባለው ሣጥን

«ወንድም ጋሼ፣ አንተ እግርህን ካነሳህ ወዲህ የቅባት ሣጥኑ ንጹህ ነው። ከፍተን በዓይናችን አየነው። ቆሻሻው ከየት ይመጣ እንደነበር አሁን ገባን። ሁለተኛ ወጥ ቤቴ ድርሽ እንዳትል።»

ለእህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ባልሽ እንዴት ነው? ልጆቹስ? ወገብሽን ሻል አለሽ ወይ? ቀኑን ሙሉ ቆመሽ አትዋዪ ብዬሽ ነበር፤ ምክር የምትሰሚ ብትሆኚ ኖሮ ይህም ደብዳቤ ባልተጻፈ። እኔ ተናድጃለሁ እንጂ ደህና ነኝ።

ከላይ የገለበጥኩት የራስሽ ቃል ነው፤ ከሣጥኑ ፎቶ ጋር በስልክ የላክሽልኝ። ከላዩ አልቀነስኩም፣ አልጨመርኩበትም። ደውዬ ልመልስልሽ አስቤ ነበር፤ ግን በስልክ አንድ ዓረፍተ ነገር አስጨርሰሽኝ አታውቂም። ወረቀት ላይ አታቋርጪኝም።

ስድቡን ለጊዜው ልተወው። ወጥ ቤትሽ ውስጥ «ዶክተር ቅባት» ስባል ኖሬያለሁ፤ ስም አይገድልም። አንድ ቀን የማጠቢያውን ውሃ ቅባት የሚያስቀረው ሣጥን ላይ አጎንብሼ ሳለ ዋናው አብሳይሽ፣ ዩኒቨርሲቲ ያን ያህል ዘመን ያስቀመጡህ ይህን ሊያስተምሩህ ነው ወይ ብሎ ሠራተኛውን ሁሉ አሳቀብኝ። ኬሚስትሪ የተማርኩት ውሃና ቅባት ለምን እንደማይስማሙ ለማወቅ ነው፤ ሣጥኑም የሚሠራው በዚሁ አለመስማማት ነው አልኩት። ጭልፋውን እንደያዘ ትንሽ አሰበና፣ እንዳንተና እንደ እህትህ ማለት ነዋ አለኝ። ያን ጊዜ እኔም ስቄያለሁ።

እንግዶችሽ አዳራሽ እያሉ ክዳኑን ከፈትክ ብለሽ ያባረርሽኝን ቀንም ልተወው። ሽታውን ያመጣሁት እኔ አልነበርኩም፤ ሽታው አዳራሽ ደርሶ ነው ክዳኑን የከፈትኩት። «ሥራ ለመፍጠር ነው የምትቆፍረው» አልሽኝ። በሠራተኞችሽ ፊት አልሽኝ። ይህንንም ትቼዋለሁ፤ የተውኩትን ያህል ግን አልረሳሁትም።

የሚያንገበግበኝ «ንጹህ ነው» ማለትሽ ነው። እህቴ፣ በተጠረገ ማግስት ካልሆነ በቀር ንጹህ የቅባት ሣጥን የሚባል ነገር በዓለም የለም። የቆሸሸ ሣጥን ሥራውን የሠራ ሣጥን ነው። ከጠዋት እስከ ማታ መጥበሻው ሲንጫጫ የሚውል ወጥ ቤት፣ ያ ሁሉ ትሪና ድስት በሳሙና የሚታጠብበት፣ ቅባቱ የት ገባ? ተነነ? እግር አውጥቶ ሄደ? ለአዳራሽ ሁሉ ምግብ የምታቀርብ ሴት ይህን ጥያቄ ራሷን ሳትጠይቅ ፎቶ አንስታ ስትልክልኝ ማፈር ያለበት ማነው?

እንደገና ልንገርሽ፤ ከዚህ በፊት ስነግርሽ እያዛጋሽ ነበር። ከማጠቢያው ገንዳ የሚመጣው ውሃ ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ ይረጋጋል። ቅባቱ ይንሳፈፋል፣ ፍርፋሪው ይዘቅጣል። መካከል ላይ የቀረው ውሃ ብቻ ሣጥኑን ለሁለት በሚከፍለው ብረት፣ በላሜራው ሥር ሾልኮ ወደ ታች በታጠፈው ቱቦ ይወጣል። ከላይ የተንሳፈፈውና ከታች የዘቀጠው ተደምሮ የሣጥኑን ሩብ ሲይዝ ተከፍቶ ይታፈሳል፣ ጎኑ ይፋቃል። ሥራዬ ይኸው ነበር። ላሜራውና የታጠፈው ቱቦ ከወጡ ግን ሣጥን የለሽም፤ ቦይ ነው ያለሽ። የመጣው ሁሉ ሰተት ብሎ ያልፍበታል። ያን ጊዜ ክዳኑን ብትከፍቺ በእርግጥ ያብለጨልጫል።

ከእኔ በኋላ ያመጣሽው፣ ሠራተኞችሽ «ፈጣኑ» የሚሉት የቧንቧ ሠራተኛ ሁለቱንም ነቅሎ አውጥቷቸዋል። ከየት ሰማህ ካልሽ፣ ዕቃ አጣቢሽን ገበያ አግኝቻት ነው። እንዳትቆጪያት፤ እኔ ነኝ የጠየቅኳት። «ውይ ዶክተር፣ ያቺ ብረትዎ? የሽንኩርቱን ጆንያ ደግፋ ቆማለች፤ እንደሷ የሚያገለግለን የለም» አለችኝ። ክዳኑ ተከፍቶ ወለሉ ሲታይ ወጥ ቤቱ በእልልታ መቅለጡንም ነገረችኝ። እልል የተባለው ላሜራ ለሌለው ሣጥን ነው! ፈጣኑ ላሜራውን ያወጣው ውሃው እየዘገየ ስላስቸገራችሁ ነው። ውሃው የዘገየው ደግሞ የገንዳውን ወንፊት መድፋት ሰልችቷቸው አውጥተው ስለጣሉት፣ ሣጥኑም በፍርፋሪ ስለሞላ ነው። አንድ ሰው ወንፊት መድፋት ታከተው፣ ሌላው ላሜራ ነቀለ፣ አንቺ ፎቶ አነሳሽ። በዚህ ላይ ሰውየው በየጊዜው የፈላ ውሃና ኮስቲክ ሶዳ ይደፋበታል አሉ። ቅባት በፈላ ውሃ አይጠፋም፤ ይሰደዳል። በሙቀቱ ይሄድ ይሄድና ሲቀዘቅዝ ከደረሰበት ይረጋል።

የት እንደረጋ ልንገርሽ። እማዬ ቤት።

ግቢውን በግንብ ለሁለት ከከፈልሽው ወዲህ በላይኛው መንገድ ገብተሽ በላይኛው ትወጫለሽና የታችኛውን ረስተሽዋል። የፍሳሽ ቱቦሽ ግን ግንብ አያውቅም። በእማዬ ጓሮ ሥር አልፎ፣ ከመታጠቢያ ቤቷ ቱቦ ጋር ገጥሞ ነው ወደ አውራ ጎዳናው የሚወርደው። መንገዱ ሲዘጋበት ሽቅብ ወደ አንቺ አይመለስም፤ ዝቅ ያለ ቀዳዳ ፈልጎ ይወጣል። ከሁሉ ዝቅ ያለው የእማዬ መታጠቢያ ቤት ወለል ነው።

ልጠይቃት ስሄድ የወለሉን ፍሳሽ ማውረጃ ሳፋ ደፍታበት፣ በሳፋው ላይ ድንጋይ ጭናበት አገኘኋት። ይሄ ምንድነው ብላት፣ አይጥ እንዳይወጣ ነው አለችኝ። እናታችን ውሸት እንደማትችል ታውቂያለሽ፤ ስትዋሽ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ድንጋዩን ሳነሳው ውሃው ቡልቅ ብሎ ወጣ፤ ሳሙናሽን፣ የሽንኩርት ልጣጭሽን፣ ዘይትሽን ይዞ። ምንጣፉ ከአልጋዋ እግር ሥር ድረስ ርሶ ሻግቷል። ለካ በዚያ ዕድሜዋ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ በጨርቅ እየመጠጠች በባልዲ ስትቀዳ ነው የከረመችው። ምን አለች መሰለሽ? «ለእህትህ እንዳትነግራት፣ ሥራዋ ላይ ናት፣ ትደነግጥብኛለች። አንተም አትጩህ። እናንተ ከምትጣሉ ውሃው ይምጣ።»

ስትደውዪላት «ደህና ነኝ ልጄ፣ ትንሽ ጉንፋን ነው» የምትልሽ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ነው።

ጓሮው ውስጥ ያለውን የማንሆል ክዳን አነሳሁት። ውስጡ እንደ ሻማ ነጭ ሆኖ ደርቋል። በብረት ዘንግ ቀጥቅጬ በአካፋ አወጣሁት፤ አንዱን ጓል ለማስረጃ በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጬልሻለሁ። ለጥቂት ቀን ውሃው አለፈ። ከዚያ ለሌላ ድግስ አበሰላችሁና ተመልሶ መጣ። ከታች ሆኜ ስጠርግ ብውል ከላይ እስካልተያዘ ድረስ የምሠራው ሥራ የለም።

ስለዚህ የምፈልገውን ስሚ። ላሜራውን ከሽንኩርቱ ሥር አውጥተሽ ወደ ቦታው መልሺው፤ የታጠፈውንም ቱቦ እንደዚሁ። ወንፊቶቹ ይመለሱ፣ ትሪ ሁሉ ገንዳ ከመግባቱ በፊት ይጠረግ፣ ሶዳና የፈላ ውሃው ይቁም። ከሁሉ በላይ ወጥ ቤትሽን አንድ ቀን ዝጊና ቱቦው ከላይ እስከ መንገዱ ድረስ በግፊት ውሃ ይታጠብ። ትልቁ ግብዣሽ እየደረሰ መሆኑን፣ አንድ ቀን መዝጋት ምን እንደሚያስቀርብሽም አውቃለሁ። ቢሆንም ዝጊ። ከዚያ በኋላ ሣጥኑን ማን እንደሚጠርገው ግድ የለኝም። እኔን ማየት ካስጠላሽ ሌላ ሰው አምጪ፣ ሥራውን አሳየዋለሁ። ብቻ ሩብ ሲሞላ የሚከፍት፣ የከፈተውንም አይቶ የማይዋሽ ሰው ይሁን።

እምቢ ካልሽ ቱቦሽን ከግንቡ በታች እደፍነዋለሁ። ውሃው በዚያ ቀን በማን ወለል እንደሚወጣ እናያለን። ለማስፈራራት እንዳይመስልሽ፤ ሲሚንቶውን ገዝቻለሁ፣ በረንዳው ላይ ነው።

ዕቃዬን ይዤ ወደ እማዬ ቤት ገብቻለሁ። አልጋዋን ወደ ሳሎን አውጥቼ በመስኮቱ በኩል አድርጌላታለሁ፤ ተኝታ ሳይሆን በትራስ ተደግፋ ነው የምታድረው፣ ትንፋሿ እንደዚያ ይሻላታል። ሐኪም ወስጃት ነበር። ሐኪሙ እሷን ከውጭ አስቀምጦ እኔን ብቻዬን ያነጋገረኝን እዚህ ላይ አልጽፈውም። መጥተሽ ከእኔ አፍ ትሰሚያለሽ። ልጆቹንም ይዘሻቸው ነይ፤ ትልቁ ምን ያህል እንደረዘመ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። የታችኛውን በር ቁልፍ ቀይሬዋለሁና አንኳኪ፣ እኔ እከፍታለሁ። ስትገቢ አንጮህም። ይህን ለእሷ ቃል ገብቼላታለሁ፤ አንቺም ግቢልኝ።

ፈጣሪ ጤናሽን ያብዛልሽ፣ ያንን የሚያምሽን ወገብሽን ያጽናልሽ። ልጆችሽ ይባረኩ። ቤትሽ ሁልጊዜ ሰው የሚበላበት ይሁን፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው።

መልስሽን በጽሑፍ እስከ ግንቦት ስምንት ቀን እፈልጋለሁ። በስልክ አልቀበልም፣ በሰውም አትላኪብኝ። የምትጽፊውን አስበሽ ጻፊ። የእማዬ ዓይን ደክሞ ፊደል አይለይላትም፤ ከአልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማነበው እኔ ነኝ፣ የምትሰማው ደግሞ እሷ ናት።

ታላቅ ወንድምሽ